የሞክሼዎቹ ካርድ

ጥርሴን ልታይ ወደ ክሊኒኩ ጎራ ባልኩበት ጠዋት፣ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ክርክር ጠበቀኝ። ሠላሳ ዓመት ካርድ ሲያወጡ የኖሩት አዛውንትና ኮምፒውተር የተማረችው የእህታቸው ልጅ አልተግባቡም። የወረቀት ካርዶቹ ከሰዓት በኋላ ተጭነው ወደ መጋዘን ሊሄዱ ነው። ከዚያ ወዲያ የበሽተኛው ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ መኪናው ሳይመጣ የኮምፒውተሩን መዝገብ ልፈትነው» አለች ልጅቱ። «አጭር ፕሮግራም ጽፌያለሁ። የውሸት በሽተኛ ይመዘግባል፣ ፈልጎ ያወጣል፣ አድራሻውን ይቀይራል፣ በመጨረሻም ይሰርዘዋል።»

«የሌለ ሰው መዝግቦ መሰረዝ ምን የሚሉት ሥራ ነው? ትናንት አሥር ሰው አስገባሁ፤ አሥሩም ወጡልኝ። ደህና የሚሠራን ነገር መነካካት ነገር ፍለጋ ነው፣ ልጄ።»

«ሲሰርዝ ግን አላዩትም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

እኔ በልቤ ለአዛውንቱ አዳላሁ። ተምሬያለሁ ባይ ብሆንም፣ ጥርሱን ለሚያመው ሰው ከተራው የሚበልጥ ቁም ነገር የለም።

ልጅቱ ቁልፉን ተጫነች። አራቱም ሙከራ አለፈ።

«አላልኩሽም!» አሉ አዛውንቱ እየሳቁ። «አንድ ሰውማ እኔም ያለ መነጽር አገኛለሁ። የዚህ ክፍል ጣጣ ሞክሼ ነው። በስምም በአባት ስምም የሚገጥሙ ሁለት ሴቶች አሉኝ። አንዷ ከተማ ስለቀየረች ዛሬ እሰርዛታለሁ፤ ሌላዋ ፔኒሲሊን የማይስማማት ናት። እስቲ እንዲህ ያሉትን ይለይ!»

የልጅቱ ፈገግታ ጠፋ። ሁለት የውሸት ሞክሼዎች ጨመረችና አንዷን ሰረዘች። ቀጥሎ ሌላዋን ፈለገች። የለችም። ኮምፒውተሩ የሚሰርዘው በካርድ ቁጥር ሳይሆን በስም ኖሯል።

አዛውንቱ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «በገዛ እጄ ሁለቱንም ልሰርዝ፣ ሐኪሙም ሳያውቅ ፔኒሲሊን ሊወጋት!» አሉ። ከዚያ ስልኩን አንስተው፣ «መኪናው ዛሬ እንዳይመጣ» አሉ።

ያን ጊዜ እኔም አፈርኩ። መፈተን ማለት መጠርጠር ይመስለን ነበር፤ ለካ ስህተቱን የሌለ ሰው ላይ አስቀድሞ ማየት ነው። እንዲህ ያለው ስህተት በአምስት ደቂቃ ይታረማል፤ በመርፌ የገባ መድኃኒት ግን ተመልሶ አይወጣም።

ልጅቱ ስህተቱን አርማ ፈተናውን ደገመችው። ሁለተኛዋ ሞክሼ ተገኘች። ልጅቱ ልትነሳ ስትል አዛውንቱ እጇን ያዙ።

«ቆይ፣ አትነሺ። ገና ስም ያልወጣላቸው አራስ ሕፃናትስ?»

ልጅቱ ወንበሯን ስባ ለእነሱም ፈተና መጻፍ ጀመረች።