ስሙ ያልታወቀው ኪኒን

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚኒባስ ስንሄድ አጠገቤ የተቀመጠው ጎረምሳ ኪኒን መሸጥ ጀመረ። «የቅኔ ተማሪ የሚጠጣውን አብሾ እርሱት፣ ይሄ በፋብሪካ የተሠራ ነው! አንዴ ከዋጣችሁት የተማራችሁት ከጭንቅላታችሁ አይወጣም» ይላል። ፋርማሲስት ነኝና ተቀብዬ ስሙን አነበብኩት፤ እንደ ሞጣ መንገድ የረዘመ፣ ሰምቼው የማላውቀው ስም ነው። «ይሄ የተከለከለ ነው» አልኩት በግምት። «ሕጉ ላይ ስሙን አሳየኝና በመስኮት ልጣለው!» አለኝ። ስልኬን ከፍቼ ብፈልግ ብፈልግ የለም። ይሄኔ ከፊታችን የተቀመጡ የቅኔ መምህር ዞር ብለው፣ «እስቲ መጀመሪያ አንተ ዋጠውና እንይህ» አሉት። እኔ «ተው» ብለው ማን ሊሰማኝ! እልህ ይዞት ሁለት ዋጠ።

ሞጣ መናኸሪያ ስንወርድ ያ ምላሰኛ የሚኒባሱን ጎማ ጎንበስ ብሎ «እንደምን ዋሉ?» ይለዋል። ደንግጬ ፖሊስ ጠራሁና ፋርማሲስት መሆኔን ነገርኩት። ፖሊሱ «ስምህ ማነው?» ቢለው ልጁ ቢያስብ፣ ቢያስብ ጠፋበት። ፖሊሱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዶክተር፣ የዋጠው ነገር የተከለከለ ነው?» አለኝ። «ሕጉ ላይ ስሙ የለም» አልኩት። ልጁን ደግፎ ባጃጅ ውስጥ እያስገባ፣ «እንግዲህ የኪኒኑም ስም አልታወቀ፣ የሰውየውም ስም አልታወቀ፤ ሁለቱም ስም እስኪወጣላቸው ሆስፒታል ይተኛሉ!» አለ።