የኦቦ ለሜሳ አቤቱታ

ባለፈው ዓመት የካቲት ውስጥ ከጌዶ ወደ አምቦ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከአንድ ከብት ነጋዴና ከወንድማቸው ልጅ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰውየው ኦቦ ለሜሳ ይባላሉ፤ ጃለኔ ደግሞ ሕግ ተመርቃ አምቦ ጠበቃ ዘንድ የምትሠራ ወጣት ናት። ኦቦ ለሜሳ በላስቲክ የተጠቀለለ አቤቱታ ይዘዋል። ከካሰች ጋር ሲፋቱ ፍርድ ቤቱ ልጃቸው ለንሳ ከእናቷ ጋር አምቦ እንድትኖር፣ እርሳቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲጎበኟት ወስኖ ነበር። አሁን ካሰች ተሬፋ የሚባል ሰው ስላገባች፣ ልጅቷን ወደ ጌዶ ሊወስዷት ቆርጠዋል።

ጃለኔ የአባት ወንድም በኦሮምኛ እንደሚጠራው "አቤራ" ብላ ጀመረች። "እናቷ ማግባቷ ብቻውን ውሳኔ አያስለውጥም። ፍርድ ቤቱ የሚያየው የልጅቷን ጥቅም ነው። ተሬፋ በድሏታል?"

"አልበደላትም። የሚያንገበግበኝም እሱው ነው።"

ከዚያ የሆነውን ነገሯት። አንድ ቀን አምቦ መጥተው፣ ተሬፋ የለንሳን ቦርሳ አንግቶ ከትምህርት ቤት ሲወስዳት አይተዋል። ልጅቷ ጣቱን ይዛ ትስቃለች። ከእርሳቸው ጋር እንዲያ ስቃ አታውቅም። ከቆመ ባጃጅ ጀርባ ተደብቀው አሳልፈዋቸው፣ ሰላም ሳይሏት ተመለሱ። ማታውኑ ለካሰች ደውለው "ልጄን እወስዳታለሁ" አሉ።

"የወለድኳትን ልጅ ሌላ ሰው ሲያሳድጋት ቆሜ ልይ?"

አሳዘኑኝ። ቅናት ፍቅር ስለሚመስል ሰውን በቀላሉ ያታልላል።

ጃለኔ ግን አልለቀቀቻቸውም። በሬ ሊገዙ ሲወጡ ልጅቷ ከማን ጋር እንደምታድር ጠየቀቻቸው፤ ከአሮጊት እናታቸው ጋር አሉ። ቅዳሜ ስንት ጊዜ እንደጎበኟት ጠየቀቻቸው፤ ቅዳሜ የገበያ ቀን ስለሆነ በዓመት አራት ጊዜ ቢሆን ነው አሉ።

"ዳኛው ይህን ሁሉ ይጠይቅዎታል፣ አቤራ። የክፍሏ አስተማሪስ ማን ይባላል?"

"እሱን አላውቅም" አሉ ኦቦ ለሜሳ። እኔም ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ይገዙ እባላለሁ።"

ከደወሉ ወዲህ ለንሳ ምሳዋን ሳትነካ እንደምትመልስ፣ ክፍል ውስጥም እጇን ማውጣት እንደተወች ነገርኳቸው። ጓደኛዋን፣ "አንደኛቸውን ብመርጥ ሌላኛው ይጠላኝ ይሆን?" ብላ እንደጠየቀችም አልደበቅኳቸውም።

ጉደርን ስናልፍ አቤቱታውን ከላስቲኩ አውጥተው አጣጠፉት። በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "የምከሰው ለእሷ ብዬ አልነበረም፤ እሱን ላሸንፍ ነበር" አሉ።

"ውሳኔው እኮ ሊሻሻል ይችላል" አለች ጃለኔ። "ቅዳሜው ወደ እሑድ ይዛወር፤ ክረምቱን ደግሞ ግማሹን ከእርስዎ ጋር ታሳልፍ። ካሰች ከተስማማች ፍርድ ቤቱ ለልጅቷ የሚበጅ መሆኑን አይቶ ያጸድቀዋል። ወደፊት የሚጎዳት ነገር ቢመጣ፣ ያኔ ማስረጃ ይዘን እንመለሳለን።"

"እንግዲያው አዲስ ጻፊልኝ" አሉ ኦቦ ለሜሳ።

ካሰች አላንገራገረችም። ዳኛው ለንሳን በቢሮ ለብቻዋ ካነጋገሩ በኋላ ስምምነቱን አጸደቁት፤ ኦቦ ለሜሳም ከዚያ ወዲህ አንድ እሑድ አልቀሩም።

ግንቦት ላይ ትምህርት ቤት መጡ። ልጅቷ ከመንገዱ ማዶ ያለ ጽሑፍ ማንበብ እንደሚያቅታት ደርሰውበታል። ካሰችም ተሬፋም፣ በየቀኑ የማስተምራት እኔም ይህን ልብ አላልንም ነበር። ከእናቷ ጋር ሆነው ዓይኗን አስመረመሯት፤ መነጽርም ታዘዘላት።

ተሬፋን ሲያዩ አሁንም ውስጣቸው እንደሚቃጠል አልሸሸጉኝም። እኔም አልፈረድኩባቸውም። አባት የሚቀናውን ያህል ከቀና በኋላም እሑድ ጠዋት ተነሥቶ ወደ ልጁ ከሄደ፣ ልጅቷ የጎደለባት ነገር የለም። ከእናቷ ቤት ሳትወጣ፣ ትምህርቷን ሳታቋርጥ፣ አባቷን አገኘች። ሰኞ ዕለት መነጽሯን አድርጋ መጣችና፣ ከኋላ ወንበር ሆና ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን ጮክ ብላ አነበበችልኝ።