ሰኞ ጠዋት የሚታይ ጥፍር

ከቡርቃ ጃቶ ወደ ገበያ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የነበረች አንዲት ሴት አጠገቧ የተቀመጡትን ሽማግሌ፣ የድሮ አስተማሪዋን፣ አወቀቻቸውና በኦሮምኛ «ባርሲሳ»፣ መምህር፣ ብላ ጠራቻቸው።

«ባርሲሳ፣ ሰኞ ሰኞ ሰልፍ ላይ ጥፍራችንን ያዩን ነበር እኮ።»

«አንቺ በጥርስሽ ትቆርጪ የነበርሽው ነሽ?»

«እኔ ብቻ ነኝ? እርስዎ እስኪደርሱ ሰልፉ ሁሉ ጥፍሩን ይቀረጥም ነበር።»

«እንዴት ያለ ጊዜ ነበር። በይ እስቲ ዘርጊው።»

እየሳቀች ዘረጋችላቸው።

«ንጹሕ ነው። ግን እንዲህ የነጣው ለምንድን ነው? መሃሉስ እንደ ማንኪያ የሰረጎደው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ሳሙና ነው። የሰው ልብስ አጥባለሁ።»

«ዳገት ስትወጪስ ይደክምሻል?»

«ከወለድኩ ወዲህ እየተቀመጥኩ ነው የምወጣው።»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ደም አንሶሽ ይሆናል። ተመርመሪ።»

«ነገ እሄዳለሁ። ዛሬ ገበያ ነው።»

«ያኔም ‹ነገ እቆርጣለሁ› ትዪኝ ነበር። እሺ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«የት ብለው። ወደ ቤት ነበር የሚመልሱኝ።»

«ወራጅ አለ፣ ጤና ጣቢያው ጋ» አሉ ለረዳቱ።

«ባርሲሳ፣ ዛሬም አልተለወጡም» አለችና ዘንቢሏን ይዛ ወረደች።

ታክሲው ከተነሳ በኋላ፣ በጤና ጣቢያው በር መግባቷን እስካይ ድረስ አንገቴን ከኋላው መስኮት አልመለስኩም።