መቃብር ያጸዳ ወራሽ

እሁድ እሁድ የኢስትሊ ሱቄን ለሚስቴ ትቼ፣ ከናይሮቢ ወጣ ብሎ ገጠር ያሉ የድሮ መቃብሮችን ለራሴ ደስታ እመዘግባለሁ። ባለፈው አንድ የሻይ እርሻ ዳር ተንበርክኬ፣ ስሙ እንዲነበብልኝ የመቃብሩን ድንጋይ በብሩሽ ስፈገፍግ፣ የመሬቱ ባለቤት የሆኑ ሽማግሌ ቆንጨራ ይዘው እየሮጡ መጡብኝ። "አንተ! የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ በስዋሂሊ። ለካ እዚያ ሰው የሚቀበረው በገዛ መሬቱ ነው፤ መቃብር የሚያጸዳ እንግዳ ደግሞ መሬት ሊካፈል የመጣ ወራሽ ነው!

"ኧረ አባባ፣ እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ! ስሙን ብቻ ነው የምፈልገው" ብዬ ደብተሬን ዘረጋሁላቸው። አገላብጠው አዩትና ሳቃቸው መጣ። ከዚያ በዚያው ቆንጨራ ቁጥቋጦውን እየመነጠሩ፣ ድንጋይ የሌላቸውን ሦስት መቃብሮች አሳይተው የሟቾቹን ስም አስጻፉኝ። ልሄድ ስነሳ ክንዴን ያዙኝ።

"ከየስማቸው ጎን 'ሌላ ወራሽ የለውም' ብለህ ጨምርበት።"