የዘጠኝ ሰዓቱ ቁጥር

ነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፎገራ ሜዳ ዳር ካለች ጉብታ ላይ፤ የወንዙን ከፍታ እየለካ ለታችኛው መንደር የሚያስተላልፈው ደርሶና ከባሕር ዳር የመጣችው ታናሽ እህቱ ይታይሽ፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ስልክና አንዲት ባለ ቁልፍ መሣሪያ አስቀምጠው ይከራከራሉ።

ደርሶ፦ ስልኬን አትቀይሪብኝ አልኩ እንጂ ቁልፍ አትግጠሚበት አላልኩም። ግጠሚበት። ባሕር ዳር ልጆቹ ስልካቸውን ግራና ቀኝ ቆንጥጦ የሚይዝ ባለ ቁልፍ ነገር አስረው ስልኩ ላይ ኳስ ሲጫወቱ አይቻለሁ። ከሱ አንዱን እሰሪልኝና ይብቃን።

ይታይሽ፦ ገዝቼ ሞክሬዋለሁ፣ አያ ደርሶ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው። ትንሽ ርጥበት ሲያገኘው ከስልኩ ጋር ይለያያል። አንተ ቁልፉን ስትጫን ትቆያለህ፣ ስልኩ ወሬውም የለው።

ደርሶ፦ እንደ ባልና ሚስት ነዋ። አንድ ላይ ታስረውም አይሰማሙም።

ይታይሽ፦ ፊደል ያለውንም ሞከርኩ። ስትጽፍ ሰው ይደውላል፣ የጻፍከው ይጠፋል። ወይ ስልኩ ራሱን ላድስ ብሎ መሐል ላይ ይዘጋል። ስልክ ብዙ ጌታ አለው፤ ላንተ ብቻ አይታዘዝም።

ደርሶ፦ ይህቺስ?

ይታይሽ፦ ይህቺ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው ያለባት። ያላዘዝካትን አትሠራም። የምታውቀው አንድ ሥራ ነው፤ ቁጥር ጽፈህ ታች መንደር ደወል ለሚመቱት ለመሪጌታ ፈንቴ፣ ለቀበሌውና ለትምህርት ቤቱ መላክ። ቁልፎቿ ከውጭ የታሰሩ አይደሉም፣ ከአካሏ ጋር አንድ ናቸው። ጣትህ ርጥብ ሆነ፣ ጭቃ ሆነ፣ ግድ የላትም።

ደርሶ፦ ለጨዋታ ነው የተፈጠረችው። ይህ መስቀል የሚመስለው ቁልፍ ምን ሊሆን ነው? ወንዙን ወደ ግራ ልነዳው ነው?

ይታይሽ፦ መጫወቻ ነበረች። ጨዋታዎቹን አወጣሁ፣ ከሥሯ ፊደልና ቁጥር ገጠምኩባት። ስምንት ወር ፈጅቶብኛል።

ደርሶ፦ በስምንት ወር ሰው ባል ያገባል።

ይታይሽ፦ ባል የወንዝ ቁጥር አይልክም።

ደርሶ፦ አንቺ ልጅ አፍ አውጥተሻል። ድሮ እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ጀርባ የምትገቢው አንቺ አልነበርሽም? እንግዲህ ልንገርሽ፤ እኔ ሁለት መሣሪያ ተሸክሜ አልዞርም። ስልኩ ባንድ ኪሴ፣ እሷ በሌላው፣ እንደ አጋሰስ ግራና ቀኝ ተጭኜ።

ይታይሽ፦ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ?

ደርሶ፦ ሁለት ባላ የተከለ ሰው አውቃለሁ። ሁለቱን አምኖ መሐሉ ላይ ወደቀ።

ይታይሽ፦ ቆይ። ያ ድምፅ ምንድን ነው?

ደርሶ፦ የቱ?

ይታይሽ፦ ከታች። ጉም ጉም የሚለው።

ደርሶ፦ ወንዙ ነው። ድንጋይ ያንከባልላል።

ይታይሽ፦ እዚህ እኮ ፀሐይ ነው።

ደርሶ፦ እዚህ ፀሐይ ነው። ተራራው ግን ጎህ ሳይቀድ የጠቆረ እንደ ጠቆረ ነው። ለኛ ሳይዘንብ ለወንዙ ይዘንብለታል። የጎረቤታችን ላሞች ጠዋት ወደ ግጦሽ ሲነዳቸው ከወንዙ ዳር ዛፎች ጋ ደርሰው ቆሙ አሉ። በዱላም አልሄዱለትም።

ይታይሽ፦ ጠዋት ስንት ነበር?

ደርሶ፦ አንድ ሜትር ከአርባ። ልኬዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ በዚህችው በመጫወቻሽ ነው የላክሁት። አልሠራችም አልወጣኝም። አልፈልጋትም ነው የምልሽ።

ይታይሽ፦ ለምን?

ደርሶ፦ የላክሁትን አትሰርዝም።

ይታይሽ፦ እንዳትሰርዝ አድርጌ ነው የሠራኋት። ሰዓቱንም፣ የተላከበትንም ቦታ ትይዛለች።

ደርሶ፦ እኮ። ስልክ እንደ ሰው ነው፤ ትሳሳቻለሽ፣ ታጠፊያለሽ፣ ይቅር ይልሻል። የዚህችስ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ለዳኛ ይሰጣል እንጂ ለወንዝ ለኪ አይሰጥም።

ይታይሽ፦ ማን ከሰሰህና ነው ዳኛ የምትጠራው?

ደርሶ፦ ማንም። አንቺ እያለሽልኝ ማን ይከሰኛል?

ይታይሽ፦ እውነትህን ነው። አምና ቆሜልሃለሁ። በሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ ክፍል ውስጥ እንኳ መምህር ስሜን ሲጠራ አንገቴን ነበር የምደፋው። ጎርፍ የወሰዳቸው የማንደፍሮ ሚስትና አራስ ልጇ በተቀበሩ በሳምንቱ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ደርሶ ለምን አላስጠነቀቀንም ሲል፣ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ስልክህን ያዝኩ። እጄን ውሃ ባለበት ቅል ውስጥ ነከርኩና መስታወቱን ነካሁት፤ አልሰማም። ደግሜ ነካሁት፤ አልሰማም። ወንድሜ በዝናብ ቆሞ ሲታገል የነበረው ከዚህ ጋር ነው አልኳቸው። ማንደፍሮ ራሱ መጥቶ ትከሻህን ሳመ።

ደርሶ፦ ተዪው ያን ነገር።

ይታይሽ፦ ይህቺን የሠራኋት ለሱ ነው። ዳግመኛ፣ ጣቱ ርጥብ ነበር ተብሎ ሰው እንዳይሞት።

ደርሶ፦ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥሽ። የባሕር ዳሩ መኪና እንዳያመልጥሽ አሁን ተነሺ።

ይታይሽ፦ ለዘጠኝ ሰዓት አሥር ደቂቃ ነው የቀረው። የዘጠኝ ሰዓቱን ቁጥር ስትልክ አይቼ እሄዳለሁ።

ደርሶ፦ ይኸው፣ እይ። አንድ፣ ነጥብ፣ አምስት…

ይታይሽ፦ ጣትህን አንሣ፣ አያ ደርሶ።

ደርሶ፦ ምን ሆንሽ?

ይታይሽ፦ ከበርጩማህ አልተነሣህም።

ደርሶ፦ ቀደም ብዬ ወርጄ ለክቻለሁ።

ይታይሽ፦ እኔ እዚህ ከገባሁ ሁለት ሰዓት አለፈኝ።

ደርሶ፦ ከዚያ በፊት ነው።

ይታይሽ፦ የሳምንቱ አሥራ አራቱም ቁጥር ከዚህ ጠረጴዛ ነው የተላከው። የምትይዘው ለኔም ይደርሰኛል፤ ባሕር ዳር ሆኜ አየሁት። ስህተት ይሆናል፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብዬ ሁለት ቀን ፕሮግራሟን ስፈትሽ ነበር። ስህተት የለባትም። ይህን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት እንጂ ቁልፍ ልገጥምልህ አይደለም።

ደርሶ፦ ወንዙ ዳር በወረቀት እጽፋለሁ፣ ቤት ገብቼ እልካለሁ። ምን ነውር አለው?

ይታይሽ፦ ወረቀቱን አሳየኝ።

ደርሶ፦ ጣልኩት።

ይታይሽ፦ አሥራ አራቱንም?

ደርሶ፦ የተማረ ሰው ክፋቱ መቁጠሩ ነው።

ይታይሽ፦ ተነሥ፣ አብረን እንውረድ።

ደርሶ፦ ጉልበቴን አሞኛል።

ይታይሽ፦ እንግዲያው ብቻዬን እወርዳለሁ። ምሶሶው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቤ እጮህልሃለሁ፣ አንተ እዚህ ሆነህ ጻፍ።

ደርሶ፦ አትውረጂ።

ይታይሽ፦ አሥር ደቂቃ መንገድ እኮ ነው።

ደርሶ፦ አትውረጂ አልኩሽ፣ ይታይሽ። የምታነቢው የለም። ምሶሶው የለም።

ይታይሽ፦ የለም ማለት?

ደርሶ፦ የለማ። ሜትሩ የተጻፈበት መለኪያው ምሶሶ። አምና በዚያው ዕለት ጠዋት ውሃው ነቅሎ ወሰደው። እኔ አንድ ከአርባ ብዬ በላክሁበት ሰዓት ምሶሶው ሐይቅ ገብቶ ነበር።

ይታይሽ፦ ዝናብ ላይ ቆመህ አልነበረም።

ደርሶ፦ አልጋዬ ላይ ነበርኩ። ብርድ ነበር፣ ጉልበቴም እውነት አሞኝ ነበር። የትናንቱን ቁጥር ደግሜ ጻፍኩ። ወንዝ ለኪ ሁሉ አንድ ቀን ያደርገዋል። ትናንት አንድ ከአርባ፣ ዛሬ አንድ ከአርባ፣ ማን ሞተ ይባላል። ያን ቀን ሰው ሞተ።

ይታይሽ፦ ጣትህስ?

ደርሶ፦ ደረቅ ነበር።

ይታይሽ፦ ቅሉ ውስጥ የገባው ርጥብ እጅ የኔ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ደርሶ፦ ስለ መስታወቱ እኔ አላወራሁም። አንቺ ተነሥተሽ ተናገርሽ፣ ሰው አመነሽ። እኔ ዝም አልኩ እንጂ።

ይታይሽ፦ አህያውን ፈርቼ ዳውላውን ስደበድብ ስምንት ወር ከረምኩ። ምሶሶው ተወስዷል፣ ሌላ ትከሉልኝ ማለት እንዴት አቃተህ?

ደርሶ፦ መቼ ተወሰደ ሲሉኝ ምን ልበል? ያን ዕለት ጠዋት ብል፣ ታዲያ አንድ ከአርባን ከምን ላይ አነበብከው አይሉኝም? አንዱን ለመሸፈን ሌላውን ጻፍኩ፣ ሌላውን ለመሸፈን ሌላ።

ይታይሽ፦ የሚቆጣጠርህ ሰው አልመጣም?

ደርሶ፦ ጥቅምት ላይ አንድ መጣ። መንገዱ ጭቃ ነው ብሎ አልወረደም። እዚህ አንቺ የተቀመጥሽበት ተቀምጦ ምሳ በላ፣ መዝገቤ ላይ ፈረመ፣ ንጹሕ አጻጻፍ አለህ ብሎኝ ሄደ።

ይታይሽ፦ የዓመቱ ቁጥር ሁሉ ከራስህ ነው?

ደርሶ፦ በጋ ዝቅ፣ ክረምት ትንሽ ከፍ። እንዳያስደነግጥ አድርጌ። ሰው ደስ አለው። ወንዙ ከዚያ ወዲህ ጠባዩን አሳመረ አሉ። ሸሽተው የነበሩት በግንቦት ወደ ታች ተመለሱ።

ይታይሽ፦ ማንደፍሮም?

ደርሶ፦ ማንደፍሮም። ቤቱን እዚያው ድሮ ቦታው ሠራ። ሳይሠራ መጥቶ ጠየቀኝ፤ አያ ደርሶ፣ ያንተን ቁጥር አይቼ ነው የምወስነው አለኝ።

ይታይሽ፦ ምን አልከው?

ደርሶ፦ ምን እለዋለሁ? ቁጥሩን አየው።

ይታይሽ፦ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ማለት ይህ ነው። አንተን ዓመት ሙሉ ሲያሳስቅህ ከርሟል።

ደርሶ፦ ስቄ አላውቅም፣ እቱ። ዝናብ ሲመጣ ጆሮዬን ጋቢ ውስጥ ቀብሬ ነው የማድረው።

ይታይሽ፦ ብርጭቆውን እየው። ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል።

ደርሶ፦ አየሁት። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ጀምሮ ነው።

ይታይሽ፦ እያየህ ነው አንድ ነጥብ አምስት ልትልክ የነበረው?

ደርሶ፦ እጄ ለምዶ ነው። አሁን ግን አንድ ነገር ታየኝ። ሦስት ሜትር ከሰባ ብዬ ልላከው። ሦስት ካለፈ መሪጌታ ደወል ይመታሉ፣ ሰው ሁሉ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ኮረብታ ይወጣል። ሰውም ይተርፋል፣ የምሶሶውም ነገር እንደ ተቀበረ ይቀራል። አንቺም ዋርካው ሥር የተናገርሽው አይዋረድም።

ይታይሽ፦ ሌላ የፈጠራ ቁጥር።

ደርሶ፦ ዛሬ ግን ለደግ ነው።

ይታይሽ፦ …ላከው። ሰው ይውጣ ብቻ። ስለ ሌላው ኋላ እናለቅሳለን።

ደርሶ፦ ሦስት፣ ነጥብ፣ ሰባት፣ ዜሮ። ሄደ።

ይታይሽ፦ ለመሪጌታ ደርሷል ትላለች። አንብበውታል። አሁን ደወሉ ይሰማናል አይደል?

ደርሶ፦ ነፋሱ ከዚያ ከሆነ በደንብ ነው የሚሰማው።

ይታይሽ፦ ዝም አሉ።

ደርሶ፦ ሽማግሌ ናቸው። ደወሉ ጋ እስኪደርሱ ነው።

ይታይሽ፦ አይ፣ መልስ ጻፉ። ላንብብልህ። «ደርሶ፣ ጠዋት አንድ ከአርባ ብለህ አሁን ሦስት ከሰባ? እዚህ ጠራራ ፀሐይ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይህች የልጆች መጫወቻ ቁጥር ታሳስታለች ብለህ ነግረኸን የለም ወይ? ሰው ሩዙን እያረመ ነው፣ በከንቱ አላስወጣውም። ወርደህ ምሶሶውን በዓይንህ አይተህ ንገረኝ።» እንዲህ ብለሃቸው ነበር?

ደርሶ፦ ብያቸዋለሁ። ይመልሷታል ብዬ።

ይታይሽ፦ በስልክ ደውልላቸው። ድምፅህን ሲሰሙ ያምናሉ።

ደርሶ፦ በስልክም ያው ቁጥር ነው። አየኸው ወይ ይሉኛል።

ይታይሽ፦ አየሁት በል። ማልላቸው።

ደርሶ፦ በምን ልማል? በሌለ ምሶሶ? መሪጌታ ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታዬ ናቸው፣ ይታይሽ። ድምፄን ስሰብር ያውቁኛል።

ይታይሽ፦ አያ ደርሶ፣ ጉምጉምታው ቆመ። ሸሸ ማለት ነው? ጎደለ?

ደርሶ፦ አልጎደለም። ወንዝ የሚጮኸው ገና ድንጋዩን ሲገፋ ነው። ሞልቶ ሲወጣ ዝም ይላል።

ይታይሽ፦ እነሱ ጋ ለመድረስ ስንት ይፈጅበታል?

ደርሶ፦ አምና አርባ ደቂቃ ፈጀበት።

ይታይሽ፦ ሮጬ ብወርድስ?

ደርሶ፦ በእግር ሰዓት ተኩል ነው። ውሃው ይቀድምሻል፣ መንገድ ላይም ያገኝሻል።

ይታይሽ፦ እንግዲያው እኔ ልጻፍላቸው። እኔ ነኝ ያሳሳትኳችሁ እላቸዋለሁ።

ደርሶ፦ አንቺ አምና ተናግረሽልኛል፣ ይበቃሻል። ወዲህ በያት። ይኸው ጻፍኩት፣ ሄደም፤ «መሪጌታ፣ ምሶሶው ከአምና ጀምሮ የለም። ዓመቱን ሙሉ ቁጥሩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ የአሁኑንም ጭምር። ወንዙ ግን ዝም ብሏል። ደወሉን ይምቱ፣ ማንደፍሮን አስቀድመው ያስወጡት።»