ባለ አበባው ብርጭቆ

አያ ሀሚዱ በገበያ ቀን ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ተነስተው ውጫሌ የሄዱት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር። ጉዳያቸውን ፈጽመው፣ የገዙትን ካርቶን በሁለት እጃቸው አቅፈው መናኸሪያ ሲደርሱ፣ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ ሦስት ሰው ብቻ ይዞ ቆሟል። ረዳቱ «አሁን ይሞላል፣ አብሽሩ!» አላቸው። የረዳት «አሁን» ምን ያህል እንደሚረዝም ስድሳ ስምንት ዓመት የኖረ ሰው ያውቀዋልና፣ መልስ ሳይሰጡት ጥግ ላይ ወዳለችው ወደ ማርያማዊት ሻይ ቤት ገቡ።

እዚያ አግዳሚው ላይ፣ ሕፃን በታቀፈች ሴትና ጤፍ ሊሸጡ በመጡ ሁለት ገበሬዎች መካከል ተጨናንቃ፣ ኢንሳፍ ተቀምጣለች። ኢንሳፍ የጎረቤታቸው የሐቢብ ልጅ ናት፤ ዓይናቸው እያየ ያደገች፣ ደሴ ተምራ ውጫሌ ሥራ የያዘች። ሥራዋ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውን ሰዎች በሚረዳ ማኅበር ውስጥ ነው፤ መድኃኒት የጀመሩትን ትጠይቃለች፣ ያቋረጡትን ፈልጋ ትመልሳለች። እርሷም ራሷ መድኃኒቱን መውሰድ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፤ ይህንንም በመንደሯ ስብሰባ ላይ ቆማ ተናግራለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አያ ሀሚዱ!» ብላ ብድግ አለች።

«ወአለይኩሙ ሰላም! የሐቢብ ልጅ! እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ ወይ? ጤናሽስ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንቱስ? ቤተሰቡ? ከብቱ? አዝመራው?»

ሰላምታው እንደ ወሎ ወግ ከሻዩ መፍላት በላይ ጊዜ ወሰደ። ገበሬዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ለሽማግሌው ቦታ ለቀቁ። ማርያማዊት ሁለት ሻይ ልትቀዳ ስትል አያ ሀሚዱ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይማ፣ የኔ ልጅ! የሷን በዚህ ቅጂላት» አሉና ካርቶኑን ፈትተው፣ በጋዜጣ ከተጠቀለሉት አንዱን አወጡ። ከንፈሩ ወርቅማ፣ ሆዱ ላይ ቀይ አበባ የተሳለበት ቀጭን ብርጭቆ ነው። በራሳቸው እጅ በውሃ አለቅልቀው ሰጧት። ፊታቸው በደስታ በርቷል። ማርያማዊት ብርጭቆውን አየች፤ ኢንሳፍን አየች፤ ቀዳች።

ኢንሳፍ ቢስሚላህ ብላ ተጎነጨች። አያ ሀሚዱ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ሸጋ አይደለም? ለቅሬው ነው። ዓምና ስድስት ገዛሁ፣ ዛሬ ስድስት ጨመርሁ። ለናንተ ለብቻ የሚሆን ነው። ሌላው ሕዝብ በዚያ በተላላጠ ኩባያ ሲጠጣ እናንተ በዚህ! ዕቃ ቤቱ ውስጥ መደርደሪያ ለይቼለታለሁ። እንግዲህ ቅሬው ለታመመ ሰው አያስብም የሚል አፉን ይያዝ።»

አያ ሀሚዱ የመንደሩ የቅሬ ዳኛ ናቸው። ቅሬው እስላሙንም ክርስቲያኑንም ባንድነት ያቀፈ ነው፤ ሰው ሲሞት ይቀብራል፣ ድንኳን ይጥላል፣ ሐዘንተኛውን ያስተዛዝናል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በአያ ሀሚዱ አንገት ላይ በክር ከተንጠለጠለ ሃያ ዓመት አልፎታል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዲት ሰሐን እንኳ ጠፋች ተብሎ አያውቅም፤ ይህን ለመናገርም ሰው እስኪጠይቃቸው አይጠብቁም።

«አያ ሀሚዱ» አለች ኢንሳፍ፣ «ካላስቆጣሁዎት አንድ ነገር ልጠይቅ። እስቲ አግዳሚውን ይመልከቱ።»

ዞር ብለው ቢያዩ አግዳሚው ላይ ከእነርሱ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። ባለ ሕፃኗ ሴት በሩ ሥር ሄዳ ቆማለች። አንደኛው ገበሬ ሻዩን ሳይጨርስ ወጥቷል፤ ሌላው ጆንያው ላይ ተቀምጦ ወደ ውጭ ያያል።

«ምን ሆኑ? ተጣላችሁ?»

«እኔ አንዲት ቃል ተናገርኋቸው?»

«የለም።»

«አንቱስ ስለ እኔ የነገሯቸው ነገር አለ?»

«ወላሂ አልወጣኝም! በጆሮሽ እኮ ነው የነገርሁሽ።»

«እነዚህ ሰዎች አያውቁኝም። አሁን ድረስ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ስለ ዝናቡ ስናወራ ነበር። ብርጭቆዬ ሲለይ ግን፣ ምን በሽታ እንደሆነ ባያውቁም፣ በሽታ መሆኑን አወቁ።»

አያ ሀሚዱ ጺማቸውን ዳበሱ። ቅን ሰው ሲሳሳት አብዝቶ ይከራከራል፤ እሳቸውም ተከራከሩ።

«እሱማ ስላልተማሩ ነው! እኔ በብርጭቆ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ፤ ጤና ጣቢያ ጠርተው አስተምረውናል። ግን ሰው ይፈራል፣ ልጄ። የሚፈራውም እንዳይፈራ፣ የታመመውም እንዳይከፋው ብዬ መሃሉን ፈለግሁ። ኒያዬን፣ ቅን ሐሳቤን፣ አሏህ ያውቃል።»

«ኒያዎንማ እኔም አውቃለሁ። ግን ዳኛው ራሱ ብርጭቆ ከለየ፣ ፈሪው ‹አንድ ነገር ቢኖር ነው› አይልም? እኛ የምናስተምረውን ሁሉ ያ መደርደሪያ ያፈርሰዋል።» ኢንሳፍ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሙጂባን ካዩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?»

አያ ሀሚዱ ደነገጡ። ሙጂባ ከዓረብ አገር የተመለሰች፣ አንዲት ልጇን ይዛ የምትኖር የመንደራቸው ሴት ናት። ዓምና ብቻዋን መጥታ፣ ቫይረሱ እንዳለባት ነግራ፣ መድኃኒት ለማምጣት በምትሄድባት ቀን ከለቅሶ ቤት ሥራ እንዲያሳርፏት ለምናቸው ነበር። ነገሩን አማና፣ አደራ ብላ ነው የሰጠቻቸው።

«ስለ ሙጂባ ለማንም አልተናገርሁም! ሚስቴ ሀዲያ እንኳ አታውቅም!»

«አለመናገርዎን ራሷ ነግራኛለች። እንዳነጋግርዎትም የፈቀደችልኝ እሷው ናት። የጎረቤታችን የኡሙሰልማ እናት ያረፉ ጊዜ፣ ሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ሳለ ምን እንደላኩላት ያስታውሳሉ?»

አያ ሀሚዱ ያስታውሳሉ። ባለ አበባውን ብርጭቆ በራሳቸው እጅ ወልውለው «ይኸን ለሙጂባ» ብለው ነበር የላኩት። የዚያን ዕለት እንዴት ደስ ብሏቸው ነበር!

«መደርደሪያው ለነማን እንደተለየ ሴቱ ሁሉ ያውቃል» አለች ኢንሳፍ። «በማግስቱ ውሃ ስትቀዳ ከኋላዋ የሚሰለፍ ጠፋ። ልጇ ሪታጅ ‹አጠገቤ የሚቀመጥ የለም› ብላ እያለቀሰች ከትምህርት ቤት መጣች። ሙጂባም በሯን ዘጋች። ጤና ጣቢያ ብሄድ ሰው ያየኛል ብላ ከቀረች ሁለት ወር አለፋት። ሁለት ወር ኪኒን አልዋጠችም፣ አያ ሀሚዱ። ትናንት ሄጄ አየኋት፤ ከስታለች፣ ትኩሳት አላት፣ ታስላለች። እንዲህ ከቀጠለች ትሞትብናለች።»

«እኔ አፌን ለጉሜ አማናዋን ስጠብቅ…»

«አንቱ ጠብቀዋል። ብርጭቆው ነው የተናገረው።»

ከቆመው ሚኒባስ ውስጥ በአምባሰል ቅኝት የምታንጎራጉር ሴት ድምፅ ይሰማል። አያ ሀሚዱ ያንን ቅኝት በሰሙ ቁጥር የሚያስታውሱት ታናሽ እህታቸውን ዙለይሃን ነው።

ዙለይሃ በሠርግ ቤት ድምጿን ስትለቀው ጠብ ያለው እንኳ የሚታረቅላት ልጅ ነበረች። በልጅነታቸው ሁለቱ በርበሬ ተሸክመው ሐይቅ ገበያ በእግራቸው ሲሄዱ የሚይዙት አንድ ቅል ውሃ ነው። ቅሉን ሁልጊዜ ቀድማ የምትነጥቀው እሷ፣ ትንሽ ተጎንጭታ ብዙውን የምትተውላቸውም እሷ ነበረች። እንዴት ያለ ዘመን ነበር! ያ ሁሉ ሳቅ የት ሄደ? በኋላ መድኃኒቱ ገና አገር ውስጥ ሳይዳረስ ያ በሽታ ያዛት። ጓዳ ለብቻዋ ተሰጣት፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ጣሳም ለብቻዋ ተሰጣት። አያ ሀሚዱ ያንን ጣሳ የጓዳው ደፍ ላይ አስቀምጠው ይመለሱ ነበር።

ይህን ሁሉ በተሰበረ ድምፅ ለኢንሳፍ ነገሯት። «ልትሞት ሰሞን ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ሀሚዱዬ፣ ሁላችሁ በምትጠጡበት፣ በዚያ አበባ ባለው ብርጭቆ አጠጣኝ› አለችኝ። እሺ አልኋት፤ ፈራሁና ሳላጠጣት ሞተች። ሃያ ዓመት ይኸው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ለዚህ ነው አበባ ያለበት የምገዛው። አሏህ አውፍ ቢለኝ፣ ይቅር ቢለኝ ብዬ።»

ኢንሳፍ ዓይኗን ጠረገችና፣ «አያ ሀሚዱ፣ ቃሏን እስቲ እንደገና ይበሉልኝ» አለች።

«‹ሁላችሁ በምትጠጡበት…›» አሉና ቆሙ።

አበባውን ሃያ ዓመት ሙሉ አስታውሰው፣ ከአበባው በፊት ያለውን ቃል ረስተውት ኖረዋል። ዙለይሃ ያማራት ብርጭቆ አልነበረም፤ ወንድሟ ነበር። አያ ሀሚዱ ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፍነው አለቀሱ። ማርያማዊት ሳትጠየቅ ውሃ አምጥታ አጠገባቸው አስቀመጠች።

ቢሆንም ዳኛ ናቸውና፣ ሲረጋጉ የቀራቸውን ጥያቄ አነሡ። «እኔስ ከስሕተቴ ልመለስ። ቅሬው ግን ለሞተ ሰው የተቋቋመ ነው። በሕይወት ላለው ጤና ጣቢያ አለለት። ምን አድርጉ ልበላቸው?»

«በዙለይሃ ዘመን በሳምንት ስንት ሰው ትቀብሩ ነበር?»

«ሦስት የቀበርንበት ሳምንት አለ። እኩዮቼ እኮ በዚያ ዘመን ነው ያለቁት።»

«ያን ጊዜ ከመቅበር ሌላ አቅም አልነበራችሁም፤ ማንም አይፈርድባችሁም። ዛሬ ግን መድኃኒት አለ። በሥርዓት የወሰደ ሰው ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ልጁን ለወግ ለማዕረግ ያደርሳል። ሐኪም የሚከታተላት እናት ጤነኛ ልጅ ትወልዳለች። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የቀነሰለት ሰው ለትዳር ጓደኛው እንኳ አያስተላልፍም። በረመዳንም ቢሆን ሐኪሙን አማክረን ከፍጡር፣ ከጾም መፍቻው በኋላ እንውጣለን። ጤና ጣቢያው ኪኒኑን ይሰጣል፤ እሱን እየዋጡ ለመኖር ልብ የሚሰጠው ግን ጎረቤት ነው። ለጀናዛ፣ ለቀብር መቶ ሰው የሚያወጣ ቅሬ፣ በሕይወት ላለችው ሙጂባ ሁለት ሴት ልኮ ቢያስጠይቅ ምን ይከብደዋል?»

«ምንም» አሉ አያ ሀሚዱ። «ምንም አይከብደው። ግን በምን ፊቴ ሄጄ አያታለሁ? ምን ይዤላት ልሂድ?»

«ምንም አይያዙ። የሚጠጣ ነገር ይጠይቋት።»

ሚኒባሱ በመጨረሻ ሞላ፤ ኢንሳፍም አብራቸው ተሳፈረች። ሐይቅ ወርደው በባጃጅ አርዲቦ ዳር ሲደርሱ የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት ካለፈ ቆይቶ ነበር። አያ ሀሚዱ መንገድ ላይ ሰግደው፣ ካርቶኑን በባዶ ሜዳ ጥለው የሚሄዱ ሰው አይደሉምና ለኢንሳፍ አሸክመው፣ የሙጂባን በር አንኳኩ። ሙጂባ ከፍታ ዳኛውን ስታይ ወደ ኋላ አለች።

«ሙጂባ፣ ሳላውቅ በድዬሻለሁ። አውፍ በይኝ። ውሃ ጠምቶኛል፣ አጠጭኝማ።»

ሙጂባ ጎረቤት ሄዳ ኩባያ ልትዋስ ነጠላዋን አነሣች። «የት ትሄጃለሽ? አንች በምትጠጭበት አምጭልኝ» አሏት። የሷን ኩባያ አመጣች። አያ ሀሚዱ ግማሹን ጠጥተው የተረፈውን መልሰው ሰጧት። እሷም ጠጣች። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ እንዳለቀሰ ኢንሳፍም ስትጠየቅ መናገር አትችልም።

በማግስቱ ሀዲያ ሙጂባን ደግፋ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ሐኪሙ መረመራት፣ ሳሏንም አከመ፣ መድኃኒቷንም አስጀመራት። በቀጣዩ ጁምዓ አያ ሀሚዱ ቅሬውን ሰብስበው ሙጂባ ስትፈቅድላቸው ጥፋታቸውን በሕዝብ ፊት ተናገሩ፤ የዙለይሃንም ጣሳ ነገር ሳይደብቁ ነገሩ። ስንቱ ሽማግሌ መሬት መሬት ያይ ነበር! ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅሬው የታመመ እየጠየቀ ነው፤ መሄድ ላቃተው መድኃኒት የሚያመጣለት፣ ማረስ ላቃተው ጥማዱን ይዞ የሚደርስለት ሰው ይመደባል። ኢንሳፍም በየወሩ መጥታ ታስተምራለች። በራቸውን ዘግተው የኖሩ ሦስት ሰዎች ወጥተው መድኃኒት ጀምረዋል። ሪታጅም በትምህርት ቤት ግራና ቀኝ ጓደኛ አላት። ይህ ሁሉ ሲሆን ለቅሬው የተሠራለት አዲስ ነገር የለም፤ ድሮ ለመቃብር ያውል የነበረውን ፍቅር ቀደም አድርጎ ማዋል ጀመረ እንጂ።

የተለየው መደርደሪያም ፈረሰ። አሥራ ሁለቱ ባለ አበባ ብርጭቆዎች ከተላላጡት ኩባያዎች ጋር ተደባለቁ። በቅሬው ዓመታዊ ጉባኤ ዕለት፣ ወዟ የተመለሰው ሙጂባ ሻይ በትሪ ይዛ ስትዞር፣ አያ ሀሚዱ የየሰዉን እጅ ይመለከቱ ነበር። ማን ያነሣ ይሆን? ማንስ እጁን ይሰበስብ ይሆን?

የኡሙሰልማ እጅ ቀደመ። «እኔ ባለ አበባውን!» ብላ ብድግ አደረገችው። ቀጥሎ ያለችው «አንችማ ሁልጊዜ ሸጋ ሸጋውን!» እያለች ሌላውን ነጠቀች። ትሪው አያ ሀሚዱ ዘንድ ሲደርስ የቀረው አንድ እጀታው የወለቀ ኩባያ ብቻ ነበር።

«ምነው አያ ሀሚዱ፣ ልለውጥልዎት?» አለች ሙጂባ።

«ተይው፣ የኔ ሸጋ» አሉ በእንባቸው መካከል እየሳቁ። «ዙለይሃም ብትኖር እኮ ቀድማ ነጥቃኝ ነበር።»