የተራራ ጫማ

ከሲኤምሲ ቦሌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጫለሁ፤ ከጎኔ እህትና ወንድም አሉ። እሱ የአዲስ ጫማ ካርቶን እግሩ ሥር አስቀምጧል።

«ደግሞ የምን ጫማ ነው?» አለችው።

«የሃይኪንግ። ከቢሮ ልጆች ጋር ሞሪሽየስ ልንሄድ ነው።»

«ልትዋኝ?»

«መዋኘትማ ሁሉም ይዋኛል። እኛ ተራራውን ነው የምንወጣው። ሙሉ ቀን በእግር።»

«አንተ? ሊፍት ተበላሸ ብለህ ከሥራ የቀረኸው?»

«ልምምድ ጀምሬያለሁ።»

«ተራራው ላይ ምን አለ?»

«ጫፉ ላይ ሆነሽ ፀሐይ ስትወጣ ታያለሽ። ሌላ ዓለም ነው አሉ።»

«ወሎ እማ ጓሮ ፀሐይ አትወጣም?»

«አሁን እሱን ምን አመጣው?»

«መቼ ነው የምትሄዱት?»

«የአረፋ ሰሞን። ለሁላችንም ፈቃድ የተገኘው ያኔ ነው።»

«አምናም ለአረፋ ና ስትልህ፣ መኪና ቤቷ ድረስ አይገባም፣ ዳገቱን አልችለውም ብለህ ቀረህ።»

«የዚያኛው መንገድ እኮ ድንጋዩ ላይ በቀለም የተቀባ ምልክት አለው። አስጎብኚም አለ።»

«እሺ፣ እማም ድንጋዩን ቀለም ትቀባልህ።»

«አታካብጂ። አምና እንደማልመጣ ነግሬያት ነበር።»

«ነግረሃታል። እሷ ግን ምናልባት ሐሳቡን ቢቀይር ብላ፣ አስፋልቱ ድረስ ወርዳ ስትጠብቅህ ዋለች።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ጃንጥላ ይዤላት የቆምኩት እኔ ነኝ። ሲመሽ በዚያ በላስቲክ ጫማዋ ዳገቱን ተመልሳ ወጣችው።»

ሩዋንዳ ፌርማታ ላይ ልወርድ በፊታቸው ሳልፍ ካርቶኑን ረገጥኩት፤ ይቅርታም አላልኩ።